ቀለብ የዘገየባቸው የፈርዖን መቃብር ሠሪዎች፦ የአንድ አድማ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ምንድን ነው?

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1157 ገደማ ነው። ሣልሳዊ ራምሴስ ግብጽን መግዛት ከጀመረ 29ኛ ዓመቱን ይዟል። የፈርዖንን መቃብር ከአለት የሚፈለፍሉና በሥዕል የሚያስጌጡ ሠራተኞች አንድ ቀን ሥራቸውን ጥለው ወጡ። «ርቦናል» አሉ። ሄደውም ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ቁጭ አሉ።

በጽሑፍ ተመዝግበው ከተገኙት የሥራ ማቆም አድማዎች ቀዳሚው ይህ ነው። ዝርዝሩ ለእኛ የደረሰው በቦታው የነበረ ጸሐፊ ነገሩን ከነቀኑ በፓፒረስ፣ ከደንገል በተሠራ ወረቀት፣ ላይ ስለከተበው ነው። ፓፒረሱ ዛሬ ጣሊያን ውስጥ፣ በቶሪኖው የግብጽ ሙዚየም ይገኛል።

ስለ ጥንታዊ መንግሥታት ስናነብ ብዙ ጊዜ አንድ መሰላል ይሳልልናል። ከላይ ንጉሥ፣ ቀጥሎ ካህናትና ሹማምንት፣ ቀጥሎ ጸሐፍት፣ ከዚያ የእጅ ባለሙያ፣ ከታች ገበሬ። ችግሩ መሰላሉ ሲሠራ አናይም። ይህ ጉዳይ ያሳየናል። እህል ሲጠፋ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚመልስ፣ ማን እንደሚጠፋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከነገሥታቱ በቀር ሰዎቹን በሥራቸው እንጂ በስማቸው አልጠራም።

መንደሩና ሰዎቹ

ሠራተኞቹ ይኖሩ የነበሩት ዛሬ ደይር ኤል መዲና በሚባለው ቦታ ነው። ከናይል ምዕራብ፣ ከሉክሶር ማዶ፤ የጥንቷ ቴብስ አካባቢ ማለት ነው። በግንብ የታጠረው መንደር 68 ያህል ቤቶች ነበሩት። ሥራው የሚሠራው የነገሥታት ሸለቆ በሚባለው ስፍራ ነው። የግብጾች ሳምንት 10 ቀን ነበር። ሰዎቹ አብዛኛውን ሳምንት ተራራው ላይ በተሠሩ ጎጆዎች እያደሩ ይሠራሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰባቸው ይወርዳሉ።

ቡድኑ «ቀኝ» እና «ግራ» ተብሎ በሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ወገን የራሱ አለቃ አለው። ሁለቱ አለቆችና ጸሐፊው የመንደሩ መሪዎች ናቸው። ከእነሱ በላይ ያለው እንደራሴው ነው፤ ከፈርዖን ቀጥሎ አገሪቱን የሚያስተዳድረው ሹም። አስቡት፦ አንድ ድንጋይ ጠራቢ በሁለት እርከን ብቻ ከአገሪቱ ሁለተኛ ሰው ጋር ይገናኛል። ይህ እንደ ክብር ሊቆጠር ይችላል። እንደራሴው ሲጠፋ ግን በመካከል የሚይዝህ ሌላ ሰው የለም ማለትም ነው።

ደመወዙ እህል ነው። ተራው ሠራተኛ በወር 4 ኻር ስንዴና 1 ኻር ተኩል ገብስ ያገኛል። አንድ ኻር 76 ሊትር ገደማ ይይዛል። ስንዴው ለዳቦ ነው፣ ገብሱ ለቢራ። አለቃው 5 ኻር ተኩል ስንዴና 2 ኻር ገብስ ይሰፈርለታል። ልዩነቱ በድምሩ 2 ኻር ነው። አለቃና ሠራተኛ ያን ያህል አይራራቁም ነበር።

የወሩ ቀለብ ወሩ ሳይገባ፣ ባለፈው ወር 28ኛ ቀን ላይ መታደል ነበረበት። ዓሣ፣ አትክልት፣ ማገዶና ሸክላም ይመጣላቸዋል። ውሃ እንኳ የሚመጣው ከታች፣ በአህያ ተጭኖ ነው፤ መንደሩ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ነዋ።

ከገበሬው ጋር ሲነጻጸሩ ደህና ኑሮ ነበራቸው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ይችሉ ነበር። ጎን ለጎን የሬሳ ሣጥንና የቤት ዕቃ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። የሚበሉትን ግን አያርሱም። እህሉ ከመንግሥት ካልመጣ ከየትም አይመጣም።

ሃይማኖትና ጎተራ

በግብጾች እምነት የፈርዖን ዋና ሥራ ማዓትን መጠበቅ ነው። እውነት፣ ፍትሕና ሥርዓት በአንድ ላይ ማለት ነው። ንጉሡ አማልክትን ያበላል፣ አማልክት አገሩን ያጠግባሉ። ሠራተኛ ተራበ ማለት እንግዲህ ተራ የአስተዳደር ዝርክርክነት ብቻ አይደለም። ንጉሡ ለአማልክት የገባው ቃል አንድ ቦታ ላይ ተሰብሯል ማለት ነው።

ቤተ መቅደሶቹ ደግሞ መጸለያ ብቻ አልነበሩም። መሬት፣ ከብት፣ መርከብና ሠራተኛ ነበራቸው። በሣልሳዊ ራምሴስ ዘመን ማብቂያ የተዘጋጀ አንድ ረጅም ፓፒረስ በቴብስ ለዋናው አምላክ ለአሙን ቤት የሚሠሩትን ከ86 ሺህ በላይ ሰዎች ይቆጥራል። በምዕራቡ ዳር የሞቱ ነገሥታት ቤተ መቅደሶች ተደርድረው ነበር፤ እህል የሚከማቸውም እዚያ ነው። የዳግማዊ ራምሴስ ቤተ መቅደስ ጎተራዎች፣ ቅስት ጣራቸውን እንደያዙ፣ ዛሬም በከፊል ቆመው ይታያሉ። ከመንደሩ እዚያ በእግር ቅርብ ነው። የተራበው ሰው ጎተራውን ከሩቅ ያየዋል።

መንደሩ የራሱም እምነት ነበረው። ከ300 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የሞተውን ንጉሥ ቀዳማዊ አሜንሆቴፕን እንደ ጠባቂያቸው ያመልኩታል። በበዓል ቀን ሐውልቱን ተሸክመው ይዞራሉ፤ ጠብና ክርክር ያለበት ሰው ጥያቄውን ለሐውልቱ ያቀርባል፣ መልሱም ከሐውልቱ እንቅስቃሴ ይነበባል። የሚሸከሙት ካህናት እነዚሁ ሠራተኞች ነበሩ። በሥራ ቀን መዶሻ የያዘ ሰው በበዓል ቀን ካህን ነው። ቤተ መቅደስ የሚያስፈራቸው ሰዎች አልነበሩም።

ችግሩ እንዴት ጀመረ?

የግብጾች ዓመት የጎርፍ፣ የዘርና የመከር ተብሎ በሦስት ወቅት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አራት ወር ነው። የመጀመሪያው ምልክት የታየው በዚያው ዓመት፣ በጎርፉ ወቅት ሁለተኛ ወር ላይ ነው። 21ኛው ቀን ላይ ጸሐፊው «ከወሩ 20 ቀን አለፈ፣ ቀለብ አልተሰጠንም» ብሎ መዘገበ። ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በአቅራቢያው ወደሚገኘው የቀድሞው ንጉሥ የሆሬምሄብ ቤተ መቅደስ ሄዶ 46 ኻር ስንዴ አስመጣ።

እስቲ እናስላው። ለአንድ ሰው በወር 4 ኻር ስንዴ ከሆነ 46 ኻር ለ11 ሰው ተኩል ነው። ቡድኑ ደግሞ ከ40 ሰው አያንስም። ጸሐፊው ያደረገው ነገር ያስመሰግነዋል፤ ግን ለእሳት ማጥፊያ እንጂ ለወር ቀለብ የሚበቃ አልነበረም።

ለምን ዘገየ? ምክንያቱ ተደራራቢ ነው። መንግሥቱ በ5ኛው፣ በ8ኛውና በ11ኛው የንግሥና ዓመት ከሊቢያ ሰዎችና «የባሕር ሕዝቦች» ከሚባሉት ጋር ትልልቅ ጦርነት አድርጓል። ሣልሳዊ ራምሴስ በመዲነት ሀቡ ግዙፍ ቤተ መቅደስ አሠርቷል። ለአማልክት የሚሰጠው ስጦታ አልተቋረጠም። የ30ኛ ዓመት በዓሉ፣ የሴድ በዓል የሚባለው፣ እየቀረበ ነበር፤ ድግስ ነው፣ ወጪ ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው ደግሞ ሌላ ምክንያት ያነሳሉ፦ ሙስና። ወደ እሱ እንመለሳለን።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በዘር ወቅት ሁለተኛ ወር 10ኛ ቀን፣ ቡድኑ አምስቱን የጥበቃ ግንቦች አልፎ ወጣ። «18 ቀን አልፏል፣ ርቦናል» እያሉ ሄደው ከሣልሳዊ ቱትሞስ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። ጸሐፊው፣ ሁለቱ አለቆችና ምክትሎቻቸው ተከትለዋቸው መጡ። «ግቡ እባካችሁ፣ የፈርዖን ቃል አለን» እያሉ በመሐላ ለመኑ። ማንም አልተነሳም። ቀኑን እዚያው ዋሉ።

በማግስቱ እንደገና ወጡ፤ በዳግማዊ ራምሴስ ቤተ መቅደስ በር ደረሱ። በሦስተኛው ቀን ወደ ውስጥ ገቡ። ጥያቄያቸውን ያስመዘገቡት እዚህ ነው። በእኛ አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ወደዚህ ያመጣን ረሃብና ጥም ነው። ልብስ የለም፣ ቅባት የለም፣ ዓሣ የለም፣ አትክልት የለም። ለመልካሙ ጌታችን ለፈርዖን ላኩለት። ለአለቃችን ለእንደራሴውም ላኩ። የምንኖርበት ይሰጠን።»

በዚያው ቀን ያለፈው ወር ቀለብ ወጣ። የጠፋው እህል በአንድ ቀን ተገኘ ማለት ነው! በኔ ግምት ጎተራው ባዶ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ቢያንስ የዚያን ዕለት ባዶ አልነበረም።

የአሁኑ ወር ቀለብ ግን ገና ነው። ስለዚህ አልተመለሱም። በማግስቱ የዘበኞቹ አለቃ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። «ምክሬን ልንገራችሁ» አላቸው። «ውጡ፣ መሣሪያችሁን ሰብስቡ፣ በራችሁን ቆልፉ፣ ሚስቶቻችሁንና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። እኔ ከፊት ሆኜ ወደ ቀዳማዊ ሴቲ ቤተ መቅደስ እመራችኋለሁ።» አድማ እንዲበትን የተቀመጠው ሰው የአድማውን ቀጣይ ቦታ መረጠላቸው። በወሩ 17ኛ ቀን የወሩ ቀለብ በስም ዝርዝር ታደለ፤ ለአለቃ 7 ኻር ተኩል፣ ለሠራተኛ 5 ኻር ተኩል፣ በሙሉ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ የተሳካ ጉዳይ ብለን በዘጋነው። በቀጣዩ ወር ግን እንደገና ወጡ። የአሁኑ ይዘት ተለየ። «የወጣነው ስለራበን አይደለም» አሉ። «የምናቀርበው ከባድ ክስ አለ። በዚህ በፈርዖን ቦታ ክፉ ነገር ተሠርቷል።» ከሠራተኞቹ አንዱ ንዴቱን መቆጣጠር አቅቶት ከዚህ ቦታ ካስነሳችሁኝ መቃብር ላይ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ በአሙንና በፈርዖን ስም ማለ። ቅጣት ተፈረደበት፤ ምክንያቱ በፈርዖን ስም መማሉ ነው። ረሃቡን መናገር አላስቀጣም። መቀመጥም አላስቀጣም። የንጉሡን ስም ለዛቻ መጠቀም ግን መስመር ማለፍ ነበር።

እንደራሴው የት ነበር? በዘር ወቅት አራተኛ ወር መጨረሻ ላይ ወደ ቴብስ አካባቢ መጥቶ ነበር። የመጣው ለሴድ በዓል የደቡብ አማልክትን ሐውልቶች ወስዶ ወደ ሰሜን ለመሄድ ነው። ሠራተኞቹን አላገኛቸውም። መልእክት ላከባቸው። ይዘቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ያልመጣሁት የማመጣላችሁ ጠፍቶ አይደለም። ቀለባችንን አትውሰድ ትላላችሁ፤ እኔ እንደራሴ የሆንኩት ልወስድ ነው? በጎተራው ምንም ባይኖርም ያገኘሁትን እሰጣችኋለሁ።» ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት የሰማ ሰው የእንደራሴውን ጥያቄ በምን ጆሮ እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። የመጣው የቀለቡ ግማሽ ነው፤ ለአንድ ሰው 2 ኻር ስንዴ።

ቀጥሎ የሆነው በመዝገቡ ውስጥ ከሁሉም የሚስበኝ ክፍል ነው። ከሁለቱ አለቆች አንዱ ሠራተኞቹን «ቀለቡን ተቀበሉ፣ ከዚያ ግን ወደ ወደቡ ውረዱ፤ የእንደራሴው ሰዎች ይንገሩት» አላቸው። ተቀበሉና ተነሱ። የመጀመሪያውን ግንብ እንዳለፉ ጸሐፊው ደረሰባቸው። «ወደ ወንዙ እንዳትወርዱ። አሁን 2 ኻር ሰጥቻችኋለሁ። ከሄዳችሁ በየትኛውም ፍርድ ቤት አስፈርድባችኋለሁ» ብሎ መለሳቸው። ሁለት መሪዎች፣ አንድ መንደር፣ አንድ ቀን፣ ተቃራኒ ትእዛዝ። ጸሐፊውን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ከ13 ዓመት በፊት በዚህ ሥራ ላይ የሾመው ራሱ እንደራሴው ነው።

በመከር ወቅት መጀመሪያ ወር 13ኛ ቀን ለሌላ ጊዜ ወጡ። አሁን የተቀመጡት ከሌላ የቀድሞ ንጉሥ፣ ከመርነፕታህ ቤተ መቅደስ ጀርባ ነው። የቴብስ ከንቲባ በዚያ ሲያልፍ ጮኹበት። ከንቲባው ሰው ልኮ «ፈርዖን ቀለባችሁን እስኪሰጥ ድረስ 50 ኻር ስንዴ እሰጣችኋለሁ» አለ። 50 ኻር ስንት ሰው እንደሚያበላ ከላይ ካለው የ46 ኻር ስሌት መገመት አያቅትም።

የሠራውና ያልሠራው

በቦታ ምርጫ ተሳክቶላቸዋል። መንደራቸው ውስጥ ቢያኮርፉ ማንም አያያቸውም ነበር። የተቀመጡት ጎተራ ባለበት፣ ካህናት በሚወጡ በሚገቡበት፣ መሥዋዕት በሚቀርብበት ነው። አማልክት በሚበሉበት ደጅ የተራበ ሰው መቀመጡ ማንንም ሹም ያሳፍራል። በጉልበት እንዳይነሱም ቦታው ራሱ ይከለክላል።

አነጋገራቸውም ሠርቶላቸዋል። ፈርዖንን «መልካሙ ጌታችን» አሉት። ሥርዓቱን አልተቃወሙም፤ ሥርዓቱ ቃሉን እንዲጠብቅ ነው የጠየቁት። ይህን ጥያቄ አመጽ ብሎ መፈረጅ ይከብዳል። ሙሉውን ታሪክ ስናይ ስለ ረሃቡ በመናገሩ የተቀጣ ሰው አላገኘሁም።

ያልሠራው የሙስናው ክስ ነው። በሦስተኛው ቀን ከተከፈለ ቀለብ ጋር ሲነጻጸር ይህ ክስ የትም አልደረሰም። የመከር ወቅቱ መዝገብ ላይ አንድ ሠራተኛ ከዳግማዊ ራምሴስ መቃብር ድንጋይ ተሰርቋል ብሎ ስም ጠርቶ እስከ መክሰስ ደርሷል። ክሱን የሚቀበሉት ግን እነዚያው ጸሐፊና አለቆች ናቸው። ዳቦ ሲጠየቁ አማላጅ መሆን ይችሉ ነበር። ስለ ሌብነት ሲጠየቁ ግን ከተጠርጣሪዎቹ ጋር አብረው የሚኖሩ፣ አንዳንዴም ራሳቸው ተጠርጣሪ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው።

የቀለቡ መዘግየትም አልቆመም። በቀጣዮቹ ነገሥታት ዘመንም ሠራተኞቹ በተደጋጋሚ ሥራ አቁመዋል። ሣልሳዊ ራምሴስ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በተዶለተ ሴራ ሞተ፤ አስከሬኑ ላይ የተደረገ የራጅ ምርመራ ጉሮሮው መቆረጡን በ2012 አሳይቷል። በዘጠነኛው ራምሴስ ዘመን፣ ከአድማው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በቴብስ ትልቅ የመቃብር ዘረፋ ምርመራ ተካሄደ። ከተያዙት መካከል ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩበት። በመጨረሻ መንደሩ ተለቀቀ፤ ነዋሪዎቹ በመዲነት ሀቡ ግንብ ውስጥ ተጠለሉ። ደቡቡን ደግሞ የአሙን ሊቃነ ካህናት ያዙት።

ሌላ ቦታ የሚያገለግለው

ያለፉ ኅብረተሰቦችን የሚያጠና ሰው መሰላሉን ከመሳሉ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፦ ችግር ሲመጣ ማን ይመጣል? የጎተራውስ ቁልፍ በማን እጅ ነው? በዚህ ጉዳይ ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው አያውቁም። ለማነጋገር የሚመጡት ጸሐፊው፣ አለቆቹና የዘበኞቹ አለቃ ናቸው፤ ማንኛቸውም እህል የላቸውም። እህል ማዘዝ የሚችለው እንደራሴ መልእክት ይልካል። ፈርዖን ደግሞ በመዝገቡ ላይ ስሙ በየገጹ ይጠራል እንጂ አንድ ቃል አይናገርም። በወረቀት ላይ ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በተግባር ግን ያ ዓመት የታለፈው በመካከለኞቹ ሩጫ ነው። 46 ኻሩም 50 ኻሩም በእነሱ ዘዴ የመጣ ነው።

መካከለኞቹን በጅምላ «የመንግሥት ሰዎች» ብሎ መጻፍም ያሳስታል። የዘበኞቹ አለቃ አድመኞቹን መራ። አንዱ የሥራ አለቃ ወደ ወደቡ ገፋፋቸው። ጸሐፊው በአንድ ወቅት እህል ሲለምንላቸው፣ በሌላ ጊዜ በፍርድ ቤት አስፈራራቸው። ልዩነቱን የሚያስረዳው ማዕረጋቸው ሳይሆን እያንዳንዱ ሹመቱን ከማን እንዳገኘና የሚበላውን ከማን ጋር እንደሚካፈል ነው። አለቃው ከሠራተኛው በ2 ኻር ብቻ ይበልጣል፤ ቀለቡ ሲቀር እሱም ይራባል።

በየወሩ እየተራበ እየጮኸ የሚከፈለው ሰው ምን ይማራል? መጮህን ይማራል። ሹማምንቱ በእያንዳንዱ ጊዜ የዕለቱን ጩኸት የሚያቆም ያህል ሰጡ፤ 28ኛውን ቀን ግን ወደ ቦታው አልመለሱትም። መደበኛ ቀን የሌለው ክፍያ ሲለመድ አድማው ራሱ የክፍያ ሥርዓት ሆነ።

ሃይማኖትና መንግሥትን ለያይቶ በሁለት ምዕራፍ የሚያጠና ሰው ይህን ጉዳይ ሊረዳው አይችልም። የደመወዙ ካዝና ቤተ መቅደሱ ነው። የሠራተኛው መከራከሪያ የንጉሡ ሃይማኖታዊ ግዴታ ነው። እንደራሴውን ከሥራው ያራቀውም የአማልክት ሐውልቶችን የማጓጓዝ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህን አድማ «የግብጽ ሕዝብ ተቃውሞ» እያሉ መጥቀስ የተለመደ ነው፣ ልክ ግን አይመጣም። ሠራተኞቹ ጥቂትና በቀላሉ የማይተኩ ባለሙያዎች ነበሩ። የንጉሡ መቃብር ከነሱ ውጭ አያልቅም። ከጎተራው ጎን ይኖሩ ነበር፤ የሚጽፍላቸውም ሰው ነበራቸው። በዚያ ጎተራ የተከማቸውን ስንዴ ያመረተው ገበሬ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። ግብሩ የጎደለበት ገበሬ ሲደበደብ የምናነበው የጸሐፍት ተማሪዎች ለመልመጃ ከሚገለብጡት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉም የተጻፈው ለገበሬው አዝኖ አይደለም፤ ተማሪው ጸሐፊነት እንደሚሻል እንዲገባው ነው።